ላረደልን ሰው

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ አይሻ ከተማ የተከራየኋት ቤት በር ተንኳኳ። የአይሻ ከሰዓት በኋላ ሰውን በቀላሉ ከአልጋው የሚያስነሳ አይደለም። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል፣ ነፋሱ አሸዋውን በበሩ ሥር እየገፋ ያስገባዋል። እያጉረመረምኩ ተነስቼ ከፈትኩ። ከፊቴ የቆመችው ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላት ልጅ ናት። በአንድ እጇ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢላዋ ይዛለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቤት ውስጥ ወንድ አለ?» አለችኝ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እትዬ መባል ከጀመርኩ ግን ቆይቻለሁ። አይሻ ሰውን ቶሎ ያስረጃል። ወንድ የለም አልኳት። ባሏ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር መሆኑን፣ ከተጋቡ ገና አምስት ወራቸው እንደሆነ፣ ነገ ማለዳ እንደሚገባና ያለ ዶሮ ልትቀበለው እንደማትፈልግ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ከዚያ አመስግናኝ ወደ አስፋልቱ ሄደች። ዶሮውን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ በእጇ ፀሐዩን ከልላ ቆመች።

ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ። ዶሮና ቢላዋ ይዞ መንገድ ዳር መቆም፣ የሚመጣውን ወንድ ከሩቅ መመርመር፣ አንገቱ ላይ ማተብ መኖሩን በዓይን መፈለግ፣ ካለው «ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ» ማለት። ሴት ለምን እንደማታርድ፣ ማን እንደደነገገው አላውቅም። ዶሮውን ገበያ ወርዳ፣ ክንፉን ገልጣ፣ ደረቱን ዳብሳ የምትገዛው ሴት ናት። ነጭታ፣ ለብልባ፣ በሎሚና በጨው አጥባ፣ አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ የምትከፋፍለውም እሷው ናት። ከመካከል አንዲት ቅጽበት ብቻ የወንድ ናት፤ ያቺ ከሌለች ሌላው ሁሉ የለም።

በሩን ዘግቼ ልተኛ አልኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልመጣም። የመጣው አባቴ ነው።

ነገሩ የሆነው ጅጅጋ ነው፣ በ2011 ዓ.ም.፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ። ቤታችን አያቴ በውትድርና መጥቶ የሠራው አሮጌ የጭቃ ቤት ነበር። አባቴ አቶ ደምሴ ዕድሜውን ሙሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሽንሌ፣ አፍደምና አይሻ ሲመላለስ ኖሮ በጡረታ ወደዚያው ቤት ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በከተማችን የሆነውን የሰማ ሰምቶታል፣ እዚህ አልዘረዝረውም። እኛን ጎረቤታችን ሆዮ ሳህራ ሦስት ቀን ጓዳዋ ደብቃ አቆየችን። ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ነገሩ በርዶ ስንወጣ ግን በመንገዳችን ከነበሩት ክርስቲያን ቤቶች የሚበዙት ተቆልፈው ነበር። የሄዱት አልተመለሱም። እኛ ቀረን፣ ከእኛም ጥቅምት ላይ እናቴ ታማ ሞተች።

እናቴ ስትሞት አባቴ አላለቀሰም፣ ምግብ አቆመ እንጂ። አርባዋ የወጣው የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ዘመዶች መጥተው ዶሮ ወጥ ሠሩ። ዶሮ ወጥ የእናቴ ነበር፤ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ግማሽ ቀን የሚፈጅባት፣ እሳቱን በትንፋሿ የምትመግብ የምትመስል ሴት ነበረች። አባቴ አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ አስገብቶ ለብዙ ጊዜ አላመጠ፣ ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ጾሙን እንደ ምክንያት አድርጎ ከስድስት ሳምንት በላይ በሻይና በዳቦ ከረመ። ገና ሲደርስ ሱሪው በቀበቶም አልቆም ብሎት ነበር። ሐኪሙ «ሥጋ፣ እንቁላል ይብላ፣ አለበለዚያ ክረምቱን አይዘልቅም» አለኝ። ለእኔ ነው የነገረኝ፣ ለእሱ ሳይሆን።

አዳማ ያለው አጎቴ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለ «ቤቱን ሽጠህ ና፣ ማን አለህ እዚያ?» ይለው ነበር። አባቴም «ማን አለኝ፣ እውነትህን ነው» ይላል። ስልኩን ዘግቶ ግድግዳውን ሲያይ ይውላል። እንደዚያ ሆኖ ከሄደ መንገድ ላይ እንደሚያልቅብኝ ታወቀኝ። መጀመሪያ ማብላት ነበረብኝ።

ወጡ የእናቴ ስለሆነ ጉሮሮውን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ የእናቴን እጅ ጨርሶ የማይመስል ዶሮ መሥራት አለብኝ አልኩ። ስልኬ ላይ ዓለም ሁሉ ዶሮ ሲሠራ ይታያል። ለገና አባቴ አረደልኝ፣ እኔም የሕንድ ነው የተባለውን በእርጎና በቲማቲም ሠራሁ። አባቴ ሳህኑን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየውና «ልጄ፣ ምን በድሎሽ ነው እርጎ ውስጥ ያሰጠምሽው?» አለ። ከእናቴ ሞት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ስለነበር ሳይበላው ቢቀርም ደስ አለኝ። በሳምንቱ በዱቄትና በእንቁላል ነክሬ የሚጠበሰውን ሞከርኩ። ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ደም ሆነ። ድመቷ እንኳ አሽትታ ትንሽ አሰበችበት።

ሦስተኛው እሑድ የአባቴ እጅ ተንቀጠቀጠ። ቢላዋው ተንሸራትቶ አንገቱ በግማሽ የተቆረጠ ዶሮ ከእጁ አመለጠና ግቢውን ደም በደም እያደረገ እስከ ሆዮ ሳህራ አጥር ሮጠ። አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚያየው ዶሮውን አልነበረም፣ ሁለቱን እጆቹን ነበር።

«ከእንግዲህ ዶሮ እንዳታመጪ» አለኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ ደግሞ።»

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ከሆዮ ሳህራ ኩሽና የሩዝና የዶሮ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። የጅጅጋ ነፋስ እንደሆነ የጎረቤት ምስጢር አይጠብቅም። አባቴ ከመኝታው ቀና ብሎ «አይሻ ሸተተኝ» አለ።

ያን ማታ ብዙ አወራ። አይሻ ስምንት ዓመት ሲሠራ ቢሮው ከአንድ ምግብ ቤት ጋር በግድግዳ ይለያያል። ባለቤቱ በየቀኑ ቀትር ላይ ዶሮ በሩዝ ይሠራል፤ ከጅቡቲ የሚመጡ ነጋዴዎች ከሩቅ ሸትቷቸው ይወርዳሉ። አባቴ ክርስቲያን ነውና እስላም ያረደውን አይበላም። የምግብ ቤቱ ሰው ደግሞ እሱ ያረደውን አይበላም። ሁለቱ ይከባበራሉ፣ ሻይ አብረው ይጠጣሉ፣ ሥጋው ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ» አለ አባቴ፣ «እንቁላሌን በዳቦ እየበላሁ ያንን ሳሸት ኖርኩ። አንድ ቀን ሳልቀምሰው ተዛወርኩ።»

እዚህ አገር የጎረቤትን ማዕድ የምናውቀው በአፍንጫችን ነው። ስሙን እናውቃለን፣ ሰዓቱን እናውቃለን፣ ጣዕሙን አናውቀውም። አባቴ ይህን ሲናገር በድምፁ ውስጥ ከብዙ ወራት በኋላ ረሃብ ሰማሁ። በነጋታው ሆዮ ሳህራ ቤት ሄድኩ።

ሆዮ ሳህራ ትልቅ ሰውነትና ትልቅ ሳቅ ያላት ሴት ነበረች። አባቴ ስለ አይሻ ያለውን ስነግራት ግን አልሳቀችም። «ሀዬ፣ እሺ» አለች፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ።» ቅዳሜ መጥታ ሀዋሽ የሚሉትን የሶማሌ ቅመም አብረን አዘጋጀን። ከሙን፣ ድምብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ በብረት ምጣድ ላይ ታምሶ ይወቀጣል፣ እርድ መጨረሻ ይገባበታል። በነጋታው እሑድ ስሠራ እኔ ምድጃው ጋ እንደምቆም፣ እሷ የኩሽናው በር ላይ እንደምትቀመጥ ተስማማን። የምታስተምረኝን ምግብ መቅመስ አትችልም፣ ዶሮው በእኛ ወገን የታረደ ነዋ። እኔም የእሷን ቀምሼ አላውቅም።

«እንግዲህ አንቺ ቅመሺ፣ እኔ አሸታለሁ» አለችኝ። «ምላስሽና አፍንጫዬ ተረዳድተው ያበስሉታል።»

ሁሉም ነገር ተዘጋጀ፣ ከአራጅ በቀር። እሑድ አባቴ ቅዳሴ እንደሄደ ዶሮዬንና ቢላዋዬን ይዤ በራችን ላይ ቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ወስጄ ማሳረድ እችል ነበር። ግን የደምሴ እጅ ዶሮ ማረድ አቃተው የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፣ አባቴም በዚያ ደጅ ዳግመኛ አይቆምም። የማያውቀን ሰው ነበር የምፈልገው። ቆምኩ። ባጃጆች አለፉ፣ የውሃ ጋሪ አለፈ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች ሰላም ብለውኝ አለፉ። ድሮ በዚያ መንገድ እሑድ ጠዋት ነጠላ ያጣፋ ሰው ይበዛ ነበር። የተቆለፉትን በሮች አንድ በአንድ እያየሁ ፀሐዩ ከፍ አለ።

ሆዮ ሳህራ ወጥታ አየችኝ። «ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«ወንድ» አልኳት።

«እኔም በአንቺ ዕድሜ እሱኑ ነበር የምጠብቀው» ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች። ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ልጄን እንዳልጠራልሽ አባትሽ አይበላውም።»

«አይበላም።»

ዶሮውን አየች፣ መንገዱን አየች። «እኛ ጋ ወንድ ከጠፋ ሴት ቢስሚላ ብላ ታርዳለች። ወላሂ፣ እናቴ ገጠር ስታርድ አይቻለሁ። እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አልኳት።

ቅዳሴው ሊያልቅ ነው። ከኩሽናው ጀርባ ሄድኩ። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ ክንፉን በአንድ እግሬ፣ እግሮቹን በሌላው ረግጬ፣ አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት አንገቱን ወደ ኋላ ሳብኩ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ቢላዋው ሰላ ያለ ስለነበር ነገሩ ቶሎ አለቀ። ገበታ ደፋሁበትና ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪረጋጋ ድረስ በሩን በሩን አየሁ። ኃጢአት ሠራሁ ብዬ አልነበረም፤ አንድ ሰው መጥቶ «ማን ፈቀደልሽ?» የሚለኝ መስሎኝ ነው። ማንም አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ሥራው የለመድኩት ሆነ። በልማድ አሥራ ሁለት ብልት አድርጌ ከፋፈልኩት። ሆዮ ሳህራ ከበሩ ላይ ሆና «ሩዝ እኮ ነው፣ አራት ቦታ ይበቃዋል» ብላ ተገረመች፣ እጄ ግን ሌላ አቆራረጥ አያውቅም። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ሀዋሹ፣ ከዚያ በዶሮው መረቅ ላይ ሩዙ። በመካከል እየተነሳች ክዳኑን አስከፍታ ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች። «ጨው» ትለኛለች፤ ስቀምሰው እውነትም ጨው ያንሰዋል።

አባቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አየር ሳበ። ሳህኑን አቀረብኩለት፣ ሆዮ ሳህራ እንዳዘዘችኝ ሙዝ አጠገቡ አደረግሁ።

«ማን አረደው?» አለ እጁን ሳይሰነዝር።

ለዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ብዘጋጅ የተሻለ ውሸት አላገኝም ነበር። «አንድ ሹፌር» አልኩ። «ከአይሻ ጭኖ ሲመጣ በእኛ በር አለፈ። ማተብ አለው። ስለምነው አይሱዙውን አቁሞ ወርዶ አረደልኝ።»

«አያውቀንም?»

«አያውቀንም።»

ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ተፈታ። ባረከና መብላት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ሰው፣ ከዚያ እንደ ተራበ ሰው። መካከል ላይ ቆም ብሎ «ሙዙን ለልጆች የሚሰጡት ነበር የሚመስለኝ፣ ከሩዙ ጋር ነዋ!» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አልደበቀውም። ስምንት ዓመት የሸተተውን ነገር እየበላ ነበር። እኔም ኩሽና ገብቼ በደንብ አለቀስኩ።

ከሳህኑ ግን አንድ ቁራጭ ሳይነካ ቀረ። ፈረሰኛው ነበር፤ ከደረቱ የሚወጣው፣ በእኛ ቤት የአባወራው የሆነው ብልት። «ይህን ላረደልን ሰው አስቀምጪ» አለኝ። «በዚህ መንገድ የሚመላለስ ከሆነ መመለሱ አይቀርም። የማያውቀው ቤት በር ላይ መኪና አቁሞ መውረድ በዚህ ዘመን ቀላል አይደለም፣ ልጄ።»

ማታ ላይ ፈረሰኛውን ኩሽና ውስጥ ቆሜ እኔ በላሁት። ላረደው የተቀመጠውን የበላው ያረደው ነው። ያኔ ግን እንደዚያ አልታየኝም፣ ሌብነት ነው የመሰለኝ።

አባቴ መብላት ጀመረ፣ እኔም ማቆም አልቻልኩም። በየእሑዱ እሱ ቅዳሴ፣ እኔ ከኩሽናው ጀርባ። አንዱን ሳምንት የየመን ሰዎች እንደሚያደርጉት ፍም ከዘይት ጋር ድስቱ ውስጥ አፍኜ በጭስ ሠራሁት። አንዱን ሳምንት ፓስታ በዶሮ፣ ሌላውን ሳምንት ያንኑ የሕንዱን፣ አሁን ግን ሆዮ ሳህራ በአፍንጫዋ አርማው። አባቴ ያንን ያሾፈበትን ዶሮ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ በላው። በየሳምንቱም ፈረሰኛ ይቀመጣል።

ሹፌሩ ደግሞ አደገ። አባቴ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ረጅም ነው? መካከለኛ ነው። አግብቷል? አዎ፣ ሚስቱ ሩቅ ናት። የት አገር ሰው ነው? አልጠየቅኩትም። አባቴ «እንዴት ሰው አገሩ አይጠየቅም!» ብሎ ተቆጣኝና በሚቀጥለው እሑድ ሰውየውን የመንዝ ሰው አደረግሁት። ስሙን ብቻ አልሰጠሁትም። ስም ከሰጠሁት እግዚአብሔር ፊት የሚቆም መሰለኝ።

አባቴ ጢሙን መላጨት ጀመረ። ከቅዳሴ ሲመለስ ወንበር አውጥቶ በር ላይ ይቀመጣል፣ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። አጎቴ ሲደውል «አልሸጥም» አለው። «ቆመው የሚያልፉበት መንገድ ነው ያለን። የሚያልፍ ሰው ካለማ ሰፈር ነው።» ይህን ስሰማ ደስ ያለኝን ያህል ፈራሁ። የአባቴ ነፍስ በሌለ ሰው ላይ ተደግፋ ቆማለች፣ ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እፎይ አልኩ። ሃምሳ አምስት ቀን ዶሮ የለም፣ አራጅ የለም፣ ውሸት የለም። እሱ ግን በጾሙ ውስጥ አሰበበት። ከሆሳዕና በኋላ አንድ ቀን «ለፋሲካ ሹፌሩ እኛ ጋ ይገድፋል» አለኝ። «ሚስቱ ሩቅ ናት ብለሻል፣ በዓሉን መንገድ ላይ መዋሉ ነው። ሲያልፍ ንገሪው። እንደዚህ አይነት ሰው ብቻውን አይገድፍም።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «እሺ» አልኩ። የማይረባ ቃል ነው እሺ፤ ስንት ነገር እንደሚያሳልፍ።

የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ ሠራሁ። አባቴ ራሱ ነው የጠየቀኝ። «ለእንግዳ የእናትሽን ነው የሚቀርበው» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አረድኩ፤ ሹፌሩ ነው አልኩት፣ ነገ ይመጣልም አልኩት። ጠዋት አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሦስት ወንበር አቀረበ። ሞሰቡ ተከፈተ፣ ወጡ ጨለፍ ጨለፍ ተደርጎ ወጣ፣ ፈረሰኛው ከላይ ሆነ። አባቴ ግን እጁን አልታጠበም። በር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ይቀዘቅዛል።»

«እንግዳ ሳይመጣ አልገድፍም።»

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ፣ ቅዳሴ ቆሞ ያደረ ሽማግሌ፣ ባዶ ሆዱን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። የጡረታ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። አምስት ሰዓት ሲሆን ከንፈሩ ደረቀ። አጠገቡ ሄጄ መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

«አባዬ፣ ሰውየው አይመጣም።»

«ምን ሆኖ? አደጋ ደረሰበት?»

«የለም።»

«ደህና ነው ወይ እኮ ነው የምልሽ?»

«የለም አባዬ። ሹፌር የሚባል የለም። እኔ ነኝ ያረድኩት።»

እጆቼን አያቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ ርኩስ በላሁ ይላል ብዬ ነበር። ሲሰድበኝ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሐኪሙ ያለውን እነግረው ነበር።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ወደ መንገዱ ዞረ። «እንግዲያ ማንም አላለፈም» አለ።

ተነሳ፣ ወንበሩን ይዞ ገባ። ያን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። ማን እንዳረደ ግድ አልሰጠውም፤ በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ለእኛ ብሎ መኪና ያቆመውን አንድ ሰው ነው የገደልኩበት። በየእሑዱ የጸለየለትን፣ በሚስቱ ናፍቆት ያዘነለትን ሰው ነው። አባቴ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ሐዘን ተቀመጠ፤ ሁለተኛውን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ያን ቀን ወጡን አልነካውም። ስድስት ሰዓት ላይ ሆዮ ሳህራ የላም ወተት በጆግ ይዛ ገባች፤ በየፋሲካው መገደፊያ ታመጣልናለች። ሥጋ አጥራችንን አይሻገርም፣ ወተት ግን ይሻገራል። «እንኳን አደረሳችሁ፣ አቶ ደምሴ» አለችው። ፊታችንን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ቀዳችለት። አባቴ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣው። ጾሙን የገደፈው በዚያ ነው። እሷ በዚያ በር በየቀኑ እንደምታልፍ ያን ጊዜ አባቴም አላየው፣ እኔም አላየሁት።

ሦስት እሑድ ዶሮ አልተነሳም። በአራተኛው ከቅዳሴ ተመልሶ ኩርሲ ይዞ ከኩሽናው ጀርባ ሄደና ጠራኝ። «ዶሮ የለም?» አለኝ። አመጣሁ። ተቀምጦ በሚንቀጠቀጡት እጆቹ ክንፎቹን ያዘ፣ አጥብቆ። ጸሎቱን እሱ አለ፣ እኔ ቆረጥኩ። ሆዮ ሳህራ በር ላይ ሆና ሩዙን አሸተተችልን። ስንቀርብ አባቴ ፈረሰኛውን አነሳና በእኔ በኩል አስቀመጠው። ስለ ሹፌሩ እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ግን አይሱዙ ሲያልፍ ቀና ማለቱን አልተወም። ሁለት ክረምት ዘለቀ። ቤቱም አልተሸጠም፣ እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያረፈው።

ይህን ሁሉ አይሻ ላይ ጣሪያውን እያየሁ አሰብኩት። ጥፋቴን ሳስበው ማረዴ አይደለም፣ መደበቄ ነው። ያረድኩበትን እጅ ገና ከመጀመሪያው ባሳየው ኖሮ ምናልባት አይበላም ነበር፤ ምናልባት ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ማን እንደነበረ ቀድሞ ያይ ነበር። ሁለቱን ማወቅ አልችልም።

ተነስቼ ወጣሁ። ልጅቷ አሁንም አስፋልቱ ዳር ናት። ዶሮው በሙቀቱ አፉን ከፍቷል።

«ነይ» አልኳት።

«ወንድ ተገኘ?»

«አልተገኘም። እኔ አርድልሻለሁ። ግን ለባልሽ አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪው። ማን እንዳረደው ሳያውቅ አይብላ።»

አየችኝ፣ ቢላዋውን አየች። ስልኳን አውጥታ ደወለችና ወደ ድምፅ ማጉያው አዞረችው። ከወዲያ የሞተር ጩኸት መጣ፣ ከዚያ የሰውየው ድምፅ። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው መሰለኝ። ልጅቷ «ጎረቤታችን ልታርድልን ነው፣ ሴት ናት» አለችው። በሕይወቴ የአንድ ሹፌርን መልስ እንደዚያ ፈርቼ ጠብቄ አላውቅም።

«ሰው አጣሽ እንዴ?» አላት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «አላጣሁም» አለችው፣ «አግኝቼ ነው የምደውልልህ።» ብላ ቢላዋውን ከጋዜጣው አውጥታ ሰጠችኝ።